ለፍሪዘር የሚሠራ የዶሮ ፖት ፓይ፦ የትኛው አሠራር ለየትኛው ቤት?

አሜሪካ የኖረ ሰው የዶሮ ፖት ፓይ ሳይቀምስ አይቀርም። ከላይ የሊጥ ክዳን፣ ከሥር ዶሮ፣ ካሮትና አተር በወፍራም ነጭ ሶስ ውስጥ። ቅመም የለውም ማለት ይቻላል። ልጆች ይወዱታል፣ በብርድ ቀን ደግሞ ሆድ ያሞቃል። ስዋንሰን የተባለው የኦማሃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ፍሮዝን የዶሮ ፓይ ገበያ ላይ ካወጣ ወዲህ ከሱፐርማርኬት ፍሪዘር ጠፍቶ አያውቅም።

እቤት የተሠራው ግን ሌላ ነገር ነው። ጨውን የምትመጥኑት እናንተ ናችሁ። ዶሮውም ተፈልጎ የሚገኝ አይሆንም። አንድ እሁድ ከሰዓት ስድስት ትንንሽ ፓይ ሠርቶ ያስቀመጠ ሰው፣ ከሥራ ደክሞት በገባ ማታ "ምን እንብላ?" ብሎ አይጨነቅም። አራስ ሲጠየቅ ወይም የታመመ ሲጎበኝም ይዞ መሄጃ ይሆናል።

ችግሩ የአሠራሩ ዓይነት መብዛቱ ነው። አንዱ ጋግራችሁ አስቀምጡ ይላል፣ ሌላው ጥሬውን። አንዱ ከሥርም ሊጥ ይፈልጋል፣ ሌላው ከላይ ብቻ። የእኔን ምርጫ ቀድሜ ልናገር፦ ውስጡ የበሰለና በደንብ የቀዘቀዘ፣ ሊጡ ጥሬ፣ ከላይ ብቻ፣ በትንንሽ የፎይል ሳህን፣ ሳይሟሟ በቀጥታ ከፍሪዘር ወደ ኦቨን። ለአብዛኛው ቤት የሚሠራው ይሄ ነው። የማይሠራበት ቤትም አለ፤ እሱንም እናያለን።

ጥሬውን ወይስ ጋግሮ?

ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚለውጠው ውሳኔ ይሄ ነው።

ሊጥ ተነባብሮ ፈርከስ የሚለው ውስጡ ያለው ቅቤ እንደቀዘቀዘ ትኩስ ኦቨን ሲገባ ነው። ቅቤ ውስጥ ውሃ አለ። ውሃው ወደ እንፋሎት ይለወጥና ሊጡን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ በጥሬው ፍሪዘር የገባ ሊጥ ምንም አይጎድልበትም። እንዲያውም ቅቤው ጠጥሮ ስለሚቆይ ይጠቅመዋል። ተጋግሮ የገባው ግን ያንን ዕድል ጨርሷል። ፍሪዘር ውስጥ ሆኖም ከመሙያው እርጥበት ይስባል። ድጋሚ ሲሞቅ ከላይ ይደርቃል፣ ከሥር ረስርሶ ይቀራል።

ታዲያ ጋግሮ ማስቀመጥ ለማን ይሆናል? ኦቨን ለሌለው ሰው። ዶርም ለሚኖር ልጅ የምትልኩ ከሆነ፣ ወይም ቢሮ ተወስዶ የሚበላ ከሆነ፣ ጋግሩት። ክዳኑ ወርቃማ ከመሆኑ ትንሽ ቀደም ብሎ ይውጣ። ይቀዝቅዝ፣ ይጠቅለል፣ ፍሪዘር ይግባ። ለመብላት ማታውን ወደ ፍሪጅ አውርዶ በማግስቱ ማሞቅ ነው። ጥሩ ምሳ ይሆናል፣ የሊጡን ፈርከስከስ ማለት ግን አትጠብቁ።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። መሙያውን ለብቻ፣ ሊጡን ለብቻ ማስቀመጥ። መሙያውን በዚፕ ፕላስቲክ ቦርሳ አድርጋችሁ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት እስኪኖረው ጠፍጥፉት። ቶሎ ይጠጥራል፣ ቶሎ ይሟሟል፣ እንደ መጽሐፍም ተደርድሮ ይቆማል። መብላት ሲያምራችሁ መሙያውን ድስት ላይ ታሞቃላችሁ፤ ሊጡን በክብ በክብ ቆርጣችሁ ትሪ ላይ ለብቻው ትጋግራላችሁ፤ ከዚያ ክዳኑን ሳህን ላይ ደፋ። ይሄ ፓይ አይባልም የሚሉ አሉ። ክዳኑ በሁሉም በኩል ደርቆና ተነባብሮ ሲመጣ ግን ክርክሩን ይተዉታል። ፍሪዘራችሁ ከፍሪጁ በላይ ያለችው ጠባቧ ከሆነች፣ ግማሹም በበርበሬና በእንጀራ ከተያዘ፣ የእናንተ ምርጫ ይሄኛው ነው።

በየትኛውም መንገድ አንድ ነገር አይቀየርም። መሙያው ሊጥ ከመልበሱ በፊት ፍጹም መቀዝቀዝ አለበት። ትኩስ መሙያ የሊጡን ቅቤ ያቀልጣል። እንፋሎቱም ከክዳኑ ሥር በረዶ ይሠራል፣ ያ በረዶ ሲጋገር ውሃ ይሆናል። ድስት ሙሉ ሶስ ደግሞ በድስቱ እንዳለ ተቀምጦ ቶሎ አይበርድም። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ እንፋሎቱ ሲቀንስ ፍሪጅ ክተቱት። ዶሮ ያለበት ምግብ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ።

ከሥር ሊጥ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ከፍሪዘር በቀጥታ በሚገባ ፓይ የሥሩ ሊጥ በደንብ የሚበስልበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በረዶው መሙያ ላዩ ላይ ተቀምጦበታል። "ያለ ሥሩ ፓይ አይደለም" የሚል ሰው ቤት ካለ ግን የብረት ሳህን ተጠቀሙ፣ ሶሱን ወፈር አድርጉት፣ ትሪ ኦቨን ውስጥ ቀድማችሁ አግላችሁ ሳህኑን እሱ ላይ አስቀምጡ፣ ዝቅ ባለው መደርደሪያ ጋግሩ። ይሻሻላል።

ሊጡ፦ የቤት፣ የተገዛ ወይስ ፓፍ?

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ይደክማል። ልዩነቱ ከሚባለው ያነሰ ነው፣ ግን አለ።

የቤት ሊጥ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ጣዕሙ ይበልጣል። ሁለት ኩባያ ተኩል ዱቄት፣ 225 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከ6 እስከ 8 የሾርባ ማንኪያ የበረዶ ውሃ። ኩባያ ስል 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው። ቅቤውን ቆራርጣችሁ፣ የአተር ፍሬ እስኪያክል ድረስ በጣት ጫፍ ከዱቄቱ ጋር ፈርፍሩት። ውሃውን በማንኪያ በማንኪያ ጨምሩ፣ ጨበጥ ሲደረግ ከተያያዘ በቃው። ዳቦ ማቡካት የለመደ እጅ እዚህ ላይ ራሱን መግታት አለበት፤ በታሸ ቁጥር እንደ ቆዳ ይለጠጣል። ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ይረፍ፣ ከዚያ ከሦስት እስከ አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት ይዳመጥ። ስድስት ትንንሽ ወይም ሁለት ትልልቅ ክዳን ይወጣዋል።

ንጥር ቅቤ ይሆናል ወይ? ለሊጡ አይሆንም። ስናነጥር ውሃው ተንኗል፣ ውሃ ከሌለ እንፋሎት የለም፣ ሊጡም አይነሳም። ኮሰረቱና ኮረሪማውም ሁሉን ነገር ይሸፍነዋል። ሶሱ ውስጥ ግን አንድ ማንኪያ ብታክሉ ማንም አይቆጣችሁም።

የተገዛው ክብ ሊጥ ጊዜ ለሌለው ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሁለት ሆኖ ተጠቅልሎ ይሸጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጀርባውን አንብቡ። አንዳንዱ የሚሠራው በአሳማ ስብ ነው። ሙስሊምም ሆነ ኦርቶዶክስ ቤት ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እንግዳ የምትጋብዙበት ከሆነ ደግሞ የበለጠ።

ፓፍ የሚባለው ብዙ ንብርብር ያለው ሊጥ መልኩ ያምራል። ተነፍቶ፣ ወርቅ መስሎ ይወጣል። ግን ፍሪዘር ከገባ ፓይ ጋር ሙሉ በሙሉ አይግባባም። መሃሉ ገና በረዶ እያለ ክዳኑ ጠቁሮ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ፓፍ የምትወዱ ከሆነ ከላይ ያልኩትን ሦስተኛ መንገድ ያዙ፦ መሙያው ለብቻ ይሙቅ፣ ፓፉ ለብቻ ይጋገር። ከፍሪዘር የወጣ ፓፍ ለመዳመጥ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ ትንሽ በላይ ውጭ መቆየት ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ከቆየ ይለሰልስና እጅ ላይ ይጣበቃል።

እስራኤል ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። ኮሸር፣ ማለትም የአይሁድ የምግብ ሕግ፣ በሚጠበቅበት ቤት ዶሮና ወተት አንድ ላይ አይገባም። የአሜሪካው አሠራር ደግሞ በቅቤ፣ በወተትና በክሬም የተሞላ ነው። መፍትሄው ከባድ አይደለም። ሱፐርማርኬት ፍሪዘር ውስጥ ከሚገኘው “በጼቅ አሊም” (ፓፍ ሊጥ) “ፓርቬ”፣ ማለትም ወተትም ሥጋም የሌለበት፣ የሚል ምልክት ያለበትን ግዙ፤ ሶሱን በዘይት፣ በዱቄትና በዶሮ መረቅ ብቻ ሥሩ። ወተት የሌለው ሶስ ፍሪዘር ውስጥ የመበጣጠስ አደጋው ያነሰ ነው፤ ወተት የማይስማማችሁ ሌሎቻችሁም ልብ በሉ።

የትኛው ዶሮ?

ሮቲሰሪ የሚባለው ተጠብሶ የሚሸጠው ዶሮ ብዙ ሰው የሚመርጠው ነው፤ ምክንያቱም ሥራውን ግማሽ ያደርገዋል። ኮስኮ ውስጥ ለዓመታት 4.99 ዶላር ላይ የቆመውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ገና ሙቅ እያለ ሥጋውን ከአጥንቱ ለዩት፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ያደክማል። እነዚህ ዶሮዎች ጨው ጠጥተው የሚመጡ ናቸው። ሶሱን ቀድማችሁ ጨው ከጨመራችሁበት በኋላ ማስተካከያ የለውም፤ ዶሮው ከገባ በኋላ ቅመሱና ወስኑ።

ሐላል የሚፈልግ ቤት፣ ወይም መረቅ የሚፈልግ ሰው፣ እቤት ይቀቅል። ጭን ምረጡ። ይሄ ሥጋ አንዴ ይበስላል፣ ከዚያ ፍሪዘር ይገባል፣ ከዚያ ኦቨን ውስጥ እንደገና ይሞቃል። ደረት ይሄን ሁሉ አይችልም፣ ይደርቃል። ጭን ይችላል። አጥንት ያለውን ጭን ከሽንኩርት፣ ከካሮትና ከሰለሪ ጋር ዝግ ባለ እሳት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቀቅሉ። ውሃው መረቅ ሆነ ማለት ነው፣ ሶሱ የሚሠራው በሱ ነው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምትሞክሩ ደግሞ ምርጫው የሀበሻ ዶሮ ወይስ የፈረንጅ ነው። የሀበሻው ጠንካራ ነው፣ ሰዓት ይፈልጋል፣ መረቁ ግን ተወዳዳሪ የለውም። የፈረንጁ ቶሎ ይበስላል፣ ሥጋም ይበዛዋል። ለፓይ የፈረንጁ ይበቃል። የሀበሻውን ለወጡ ተዉት።

ሶሱ፦ ብዙ ፓይ የሚበላሸው እዚህ ነው

ፍሪዘር ሶስን ይፈትናል። የሚያወፍረው ስታርች ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ሲጠጥርና ሲሟሟ የያዘውን ውሃ ይለቃል። ያኔ ሳህን ላይ አንድ በኩል ፍርፍር ያለ ነጭ ነገር፣ አንድ በኩል ውሃ ታያላችሁ።

ከሁሉ የሚብሰው ኮርን ስታርች ነው። ዕለቱን ለሚበላ ምግብ ጥሩ ነው፣ ለፍሪዘር አትጠቀሙበት። በቅቤ የበሰለ የስንዴ ዱቄት ይሻላል። እሱም ትንሽ ይለቃል፣ ግን ኦቨን ውስጥ ሲንተከተክ መልሶ ይያያዛል። ከሁለቱም የሚሻለው የሚያጣብቀው የሩዝ ዱቄት ነው፤ የእስያ ግሮሰሪዎች ውስጥ ይገኛል። ከፍሪዘር ሲወጣ ውሃ አይለቅም ማለት ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ግን ቤት ባለው የስንዴ ዱቄት ጀምሩ።

ለሁለት ትልልቅ ወይም ለስድስት ትንንሽ ፓይ መጠኑ ይሄ ነው፦ 150 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ሁለት ሦስተኛ ኩባያ ዱቄት፣ ሦስት ኩባያ ተኩል መረቅ፣ አንድ ኩባያ ክሬም ወይም ሙሉ ወተት፣ ከአራት እስከ አምስት ኩባያ የተፈለፈለ ዶሮ፣ አራት ኩባያ አትክልት። ቅባቱ የወጣለት ወተት አይመከርም፣ ቶሎ ይበጣጠሳል።

አንድ ትልቅ ሽንኩርት ከሰለሪ ጋር በቅቤው ላይ አለስልሱ፤ እንዳይቀላ። ዱቄቱን ነስንሱና ሁለት ደቂቃ አማስሉ። የጥሬ ዱቄት ሽታ ይጠፋል፣ በምትኩ የተቆላ ነገር ሽታ ይመጣል። ያኔ መረቁን ጥቂት በጥቂት፤ መጀመሪያ ላይ እንደ ገንፎ ይጠጥራል፣ አትደንግጡ፣ እያማሰላችሁ ቀጥሉ። ክሬሙ መጨረሻ ላይ ይገባል። ውፍረቱን ለማወቅ ማንኪያውን በሶሱ ከንክራችሁ ጀርባውን በጣት አስምሩበት። መስመሩ ቶሎ ከተዘጋ ገና ነው። ተከፍቶ ከቆየ ደርሷል። እንዲያውም ለዕለቱ ብትበሉት "ወፈረ" ከምትሉት ትንሽ አሳልፉት፤ አትክልቱ ኋላ ውሃ ያወጣል። ቁንዶ በርበሬና ጥቂት ጦስኝ ይበቃዋል።

ድንች አትጨምሩ። አውቃለሁ፣ ብዙ አሠራር ላይ አለ። ከፍሪዘር የወጣ ቅቅል ድንች ግን አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። ካሮቱን በትንሹ ከትፋችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ቀቅሉት። አተር ፍሮዝኑን እንዳለ፣ ሳይበስል፣ ሶሱ ከቀዘቀዘ በኋላ ክተቱ፤ አረንጓዴነቱ አይጠፋም።

በዶሮ ወጥ የሚሞሉትም አሉ። መጀመሪያ ሲሰማ ይገርማል፣ ግን ለፍሪዘር ከነጩ ሶስ ይሻላል። ቁሌት የሚወፍረው በሽንኩርት እንጂ በስታርች አይደለም፣ ስለዚህ ሟምቶም አይፈራርስም። አጥንቱን አውጡ፣ ውሃውን ጨርሶ እስኪመጥ አቁሉት፣ እንቁላሉን ተዉት። የተቀቀለ እንቁላል ፍሪዘር ሲገባ ነጩ ላስቲክ ይሆናል። ክዳኑ ለስላሳ የቤት ሊጥ ይሁን።

ትልቅ ወይስ ትንሽ? ፎይል ወይስ ብርጭቆ?

ትንሹ 13 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነው የፎይል ሳህን ነው፤ አንድ ኩባያ ተኩል መሙያ ይይዛል፣ አንድ ሰው ያጠግባል። ቶሎ ይጠጥራል፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ይጋገራል። አንዱ ማታ ሁለት፣ ሌላው ማታ አራት ማውጣት ይቻላል። ትልቁ 23 ሴንቲሜትር ነው፤ ለእንግዳ ያምራል፣ የሊጥ ሥራውም ያንሳል፣ ግን ከፍሪዘር ሲወጣ አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ማክሰኞ ማታ ከሥራ የገባ ሰው ይሄን አይጠብቅም። ብቻውን የሚኖርም ሆነ ልጆች ያሉት ቤት ትንሹን ይያዝ። ትልቁ እሁድ ሰው ለሚበዛበት ቤት ነው።

የብርጭቆ ሳህን ነገር ጠንቀቅ ያስፈልገዋል። ከፍሪዘር ወጥቶ በቀጥታ የጋለ ኦቨን የገባ ብርጭቆ ሊፈነዳ ይችላል። ሸክላም አያስተማምንም። ያላችሁ ብርጭቆ ብቻ ከሆነ ፓዩ ከማታ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ይሟሟ፣ ሳህኑም ቅዝቃዜው እስኪለቀው ትንሽ ውጭ ይቆይ። ፎይል ይሄ ሁሉ የለበትም፤ ለአራስ ቤት ወስዳችሁ "ሳህኔን መልሺልኝ" ማለትም አይመጣም።

ክዳኑን ስትገጥሙ የሳህኑን ጠርዝ በውሃ አርጥቡ፣ ሊጡን በሹካ ጠርዙ ላይ ተጫኑት፣ መሃሉን በቢላ ሦስት አራት ቦታ ሰንጥቁ። ስንጠቃው አሁን ነው፤ ከጠጠረ በኋላ ቢላ እምቢ ይላል። እንቁላል መቀባት ግን አሁን አይደለም፣ ኦቨን ሊገባ ሲል ነው። መጀመሪያ ሳይሸፈን ትሪ ላይ ይጠጥር። ከዚያ በስስ ላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ፣ በላዩ በፎይል። አየር ከገባ ይደርቃል።

ላዩ ላይ ጻፉ። ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራ፣ በስንት ዲግሪ ስንት ደቂቃ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ወይም በፈረንጁ፣ አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ሁለቱን የሚቀላቅል ቤት ፍሪዘሩ ውስጥ የሰባት ዓመት ፓይ ያገኛል። ለሰው የምትሰጡ ከሆነ ደግሞ "ላስቲኩን አንሺ" የሚለውን በትልቁ ጻፉ። ከሥሩ ያለው ላስቲክ ፎይሉ ስለሸፈነው አይታይም፣ ሳይነሳ ኦቨን የገባ ላስቲክ ደግሞ ክዳኑ ላይ ይቀልጣል።

ሲጋገር፦ ኦቨን፣ ኤር ፍራየር ወይስ ማይክሮዌቭ?

ኦቨን። ትንሹን ሳይሟሟ በ400 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በ200 ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ። ትልቁን በ375 ፋራናይት፣ በ190 ሴንቲግሬድ፣ ከ75 እስከ 90 ደቂቃ። ክዳኑ ቀድሞ ከቀላ ፎይል ጣል አድርጉበት። ሥሩ ትሪ ይኑር፣ ሶሱ ገንፍሎ ኦቨኑን ያቆሽሻል። በስንጥቁ በኩል ሶሱ ሲንተከተክ ካያችሁ ወደ መድረሱ ነው፤ እርግጠኛ የምትሆኑት ግን በቴርሞሜትር ነው። መሃሉ 165 ፋራናይት፣ 74 ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ካወጣችሁት በኋላ አሥር ደቂቃ ይረፍ፣ ሶሱ ያኔ ይረጋል።

ቀድሞ ማሟሟት ግዴታ አይደለም። ጊዜ ይቆጥባል፣ ግን የክዳኑ ሥር ከመሙያው ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ትንሽ ይረጥባል። ካሟሟችሁ ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ይሁን፣ ጠረጴዛ ላይ አይሁን።

ኤር ፍራየር፣ በሞቃት አየር የሚያበስለው ትንሽ መሣሪያ፣ ለአንድ ለሁለት ትንንሽ ፓይ ይሠራል፤ ነገር ግን ማራገቢያው ለክዳኑ ቅርብ ስለሆነ ላዩን ያቃጥላል፣ መሃሉ ወደኋላ ይቀራል። የሟሟ ፓይ ተጠቀሙ፣ ሙቀቱን ቀነስ አድርጉ፣ መሃሉን ለኩ።

ማይክሮዌቭን ለጥሬ ሊጥ እርሱት። ሊጡ ይቀቀላል እንጂ አይጋገርም። የደህንነትም ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ፍሮዝን ፖት ፓይ ሳልሞኔላ ከያዛቸው ብዙ ሰዎች ጋር ተያይዞ ከገበያ ተሰብስቦ ነበር፤ ያኔ ጎልቶ የወጣው ጉዳይ ማይክሮዌቭ ምግቡን እኩል አለማሞቁ ነው። አንዱ ጥግ ይፈላል፣ ሌላው ቀዝቃዛ ነው። የእናንተ ዶሮ የበሰለ ቢሆንም ጥሬ ዱቄትም ጀርም ሊይዝ ይችላል፣ ሊጡ በደንብ መጋገር አለበት።

ስንት ጊዜ ይቆያል?

ፍሪዘሩ በትክክል 0 ፋራናይት ወይም 18 ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ከሆነ ምግቡ አይበላሽም። የሚበላሸው ጣዕሙ ነው። እስከ ሦስት ወር ድረስ ጥሩ ነው፣ ከዚያ ሊጡ የፍሪዘር ሽታ መያዝ ይጀምራል።

ለጿሚ ቤት ሂሳቡ ይስማማል። ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በቅበላ ሰሞን የተሠራ ፓይ 55ቱን ቀን ያለ ችግር ያልፋል። ፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጥ እያለ ፖት ፓይ የሚያወጣ ቤት ያለ አይመስለኝም፣ ሥራ ስትመለሱ ግን ይደርስላችኋል። ለጾሙ ራሱ ደግሞ እንጉዳይና ሽምብራ በዘይት በተሠራ ሶስ፣ በአትክልት መረቅ፣ ክዳኑም በዘይት ወይም በአትክልት ማርጋሪን የተሠራ ሊጥ ሆኖ፣ በተመሳሳይ መንገድ ፍሪዘር ይገባል። የተገዛ ሊጥ ወይም ማርጋሪን ከሆነ ወተት የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ።

መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር የመጨረሻው ስሌት የፍሪዘሩ መሙላት ነው። በሩ ሳይከፈት ከቆየ፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት። ፓይ ያልሞላውን ቦታ ውሃ በሞሉ የሃይላንድ ጠርሙሶች ሙሉት፤ ውሃ ሲጠጥር ስለሚያብጥ ጠርሙሱን ትንሽ አጉድሉት። መብራት ሲመለስ ፓዩ ውስጥ ገና በረዶ ካለ መልሶ ማጠጠር ይቻላል፣ ሶሱ ትንሽ ቢቀጥን ነው። ሟሙቶ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሁለት ሰዓት ካለፈው ግን ይጣል፣ ሽታው ደህና ቢሆንም።